ሐኪሟ ከአምስት ስንተኛ ወጣች?

በሽታዬን ልንገራችሁ። ጉልበቴ እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቴ ኋላ ይመጣል፣ እሱም እያነከሰ። ዋናው በሽታዬ የማላውቀው ሰው ኢንተርኔት ላይ የጻፈውን አስተያየት ሳላነብ ምንም ነገር አለማድረጌ ነው።

ካውያ ለመግዛት ሦስት ሳምንት አንብቤያለሁ። ስለ ካውያ ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር እንዳለ ታውቁ ነበር? እኔም አላውቅም ነበር። አንዱ ስለ እንፋሎቱ ይጽፋል፣ አንዱ ስለ እጀታው፣ አንዷ ደግሞ ባሏ ጥሏት እንደሄደ በሰፊው ተርካ መጨረሻ ላይ «ካውያው ግን ጥሩ ነው» ትላለች። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ሸሚዜን በድሮው ካውያ ስትተኩስ የከረመችው ባለቤቴ ዘምዘም ናት። በስንት ምርምር የተመሰገነውን ካውያ ገዝቼ ስገባ ገመዱ ከሶኬቱ እስከ ጠረጴዛው አይደርስም። «ይህን ሁሉ ስታነብ ገመዱ አጭር ነው ያለ አንድ ሰው ጠፋ?» አለችኝ። አልጠፋም፤ አንድ ሰው ጽፎት ነበር። ብቻውን ስለሆነ ምቀኛ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ያኔ ኢንተርኔት ገና ኪስ ውስጥ አልገባም። እዚህ ስዊድን፣ ቴንስታ በሚባለው ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ተቀምጦ፣ ዘምዘም ዳንቴል አልብሳው፣ እንደ ትልቅ ሰው ተከብሮ ይኖር ነበር። እኔ ኪስታ ባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ የወለል ማጠቢያ ማሽን እነዳለሁ። «እነዳለሁ» ያልኩት ለክብሬ ነው እንጂ ከኋላው ተከትዬ የምሄደው በእግሬ ነው። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ዳንቴሉን ገልጬ እቀመጣለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው «ሐኪማችሁን ራሳችሁ ምረጡ» የሚል ደብዳቤ በየቤቱ የደረሰው። እኛ ደነገጥን። እኛ የምናውቀው ተሰልፎ ሐኪሙ እስኪመርጠን መጠበቅን ነው፤ ሐኪም መምረጥ ከየት የመጣ ጣጣ ነው? ወዲያው ደግሞ ሰዉ ለሐኪሞች ቁጥር የሚሰጥበት አዲስ ድረ ገጽ መከፈቱን ሰማሁ። ካውያ ላይ ያልቀናኝ ሐኪም ላይ ሊቀናኝ ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ።

የመረዳጃ ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ጋሽ ይማም ደብዳቤውን ከፍ አድርገው «ይህን ነገር የሚያስረዳን ሰው አለ?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሳያውቁ እጅ ማውጣት ከተማሪነቴ ያልለቀቀኝ ልማድ ነው። ወደ ፊት ወጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ የማኅበሩን ኮምፒውተር ከፈትኩ፤ ከዚያም ዛሬም ድረስ በየአጋጣሚው የሚወቅሱኝበትን አንድ ቃል ተናገርኩ።

«ወገኖቼ፣ እዚህ ገብታችሁ ለየሐኪማችሁ ደረጃ ስጡ። ከአንድ እስከ አምስት ነው» አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከፊት ወንበር ሆነው «ደረጃ ስትል?» አሉኝ። እትዬ አስካለ ስኳር ያለባቸው፣ ግራ እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል ይዘው የሚኖሩ፣ ያልገባቸውን ነገር ሳይጠይቁ የማያልፉ ሴት ናቸው።

«ደረጃ ነዋ እትዬ! ደረጃ ጠፋብዎት? ትምህርት ቤት የሚሰጠው!»

«እሱንማ መች አጣሁት! ልጄ በካርዷ ይዛ የምትመጣውን አይደለም?»

«እሱን ነው!»

አጨበጨቡልኝ። እኔም ጭብጨባው ሞቅ አድርጎኝ «ለሐኪምዎ ደረጃ ይስጡ፣ ከ1 እስከ 5» ብዬ በትልቁ ጽፌ ከማኅበሩ ኮምፒውተር በላይ ለጠፍኩ። አስተያየቱን በስዊድንኛ መጻፍ ያልቻለውን ደግሞ የቻለው ጻፈለት። ሁሉም ደረጃውን ሰጠ። እኔ ብቻ አልሰጠሁም፤ አስተማሪ ለፈተና አይቀመጥም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። እንዴት አበጠ ብትሉኝ፣ ማሽኑን ተከትዬ ስሄድ ራሴ ያጠብኩትን ወለል ረግጬ ወደቅሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ እናንተም አደራ።

«ወደ ጉኒላ ደውልና ቲድ ያዝ» አለች ዘምዘም። ቲድ ማለት ቀጠሮ ነው፤ ስዊድን ውስጥ ያለ ቲድ መታመም ክልክል ነው። ጉኒላ ደግሞ ቴንስታ ቮርድሴንትራል፣ ማለትም ጤና ጣቢያው፣ ያለችው የሁላችንም ሐኪም ናት። መነጽሯን አውልቃ ዓይንህን እያየች የምታናግር፣ ነገርህን ሳትጨርስ የማታቋርጥህ፣ «እሺ» የሚለውን ቃል ከእኛ ተምራ ለስዊድኖቹም ጭምር «እሺ፣ እሺ» የምትላቸው ሴት። እኔን ዘጠኝ ዓመት አክማኛለች፤ ዘጠኝ ዓመት ድኛለሁ።

«እስቲ መጀመሪያ ቁጥሯን ልየው» አልኩ።

«የምን ቁጥር? ጉኒላን አታውቃትም እንዴ?»

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው ምን ያውቃል?» ብዬ ዳንቴሉን ገለጥኩ።

ስሟን ጻፍኩ። ገጹ ቀስ እያለ ተከፈተ። ጉኒላ ከአምስት ያገኘችው አንድ ነጥብ ሁለት!

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አንድ ነጥብ ሁለት። ስሟን በሌላ ፊደል ጻፍኩ። አንድ ነጥብ ሁለት። ከቁጥሩ ሥር በስዊድንኛ የተጻፉት አስተያየቶች ደግሞ የባሰ ግራ አጋቡኝ። «እጇ መድኃኒት ነው» ይልና አንድ። «ዕድሜ ይስጣት» ይልና አንድ። «በጉሮሮ ሕመም ሄጄ አንጀቴን አረጠበችው» ይልና አንድ። ምን ለማለት ነው? በጉሮሮ ሕመም የሄደ ሰው አንጀቱ ውስጥ ምን ልትፈልግ ገባች? አያችሁ፣ እኔ ስዊድንኛ ሳነብ አማርኛዬን አጥፌ ኪሴ ነው የምከተው፤ «አንጀቴን አራሰችው» ለማለት እንደሆነ ብልጭ አላለልኝም።

ከዚያ ተመራመርኩ። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ስለዚህ በቃሉ አሞግሶ እውነቱን በቁጥሩ ተናገረ። ይህን ሳስብ በብልህነቴ ራሴን ነቀነቅሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስድን የኖርኩት ለካ ተሳስቼ ነው!

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እኔ ወርቄን በአንድ ነጥብ ሁለት ሸጬ ሌላ ፍለጋ ወረድኩ። ወርጄ ወርጄ አንድ አራት ነጥብ ዘጠኝ ያገኘ ሐኪም ላይ ቆምኩ። ስሙን ትቼ ዶክተር አምስት ልበለው። አስተያየቶቹን ስሙልኝ እስቲ፦ «እግዜር ይስጠው።» አምስት! «አንድ ጊዜ ሄጄ በቃኝ።» አምስት! ተመልከቱ፣ ባንድ ሕክምና ብቻ ድኖ! «እሱን ካየሁ ወዲህ ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም።» አምስት! «የሠራልኝን መቼም አልረሳውም።» አምስት! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቅጹን ሞልቼ ስሜን ከጉኒላ ወደ እሱ አዛወርኩ። ዘምዘም ከኩሽና ብቅ ብላ «ወላሂ ትጸጸታለህ» አለችኝ። የካውያው ገመድ ትዝ አላለኝም።

የዶክተር አምስት ክሊኒክ መሀል ከተማ ነው። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ ግድግዳው ላይ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ሎሚ ተቆራርጦ ገብቷል። ሎሚውን ሳይ ቁጥሩ እውነት ነው አልኩ። ጉኒላ ጋ ውሃው እንዲሁ ውሃ ነው።

ስሜ ተጠርቶ ገባሁ። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ሄይ» አለ፤ ሰላምታው ለእኔ ይሁን ለኮምፒውተሩ አልታወቀም።

«ጉልበቴን አሞኝ ነው» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከባለፈው...»

«ጥሩ» አለና መጻፉን ቀጠለ። ምን እንደሚጽፍ እንጃ፤ እኔ ገና አልጨረስኩም ነበር። ከዚያ ድንገት ብድግ ብሎ መጣና ጉልበቴን ያዘ። ግራውን! የሚያመኝ ቀኙ ነው እኮ ጎበዝ!

«ያማል?» አለኝ ግራውን ጫን አድርጎ።

ጤነኛ ጉልበት ምን ብሎ ያማል? ግን ምን ልበል? «አያመኝም» ብለው ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ ሊለኝ ነው። «ሌላኛው ነው» ብለው ትልቁን ሐኪም ተሳስተሃል ብዬ ማሳፈሬ ነው። ይሉኝታ አሸነፈኝ።

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

ይባስ ብዬ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ከእኔና ከአራት ነጥብ ዘጠኝ ማን ይበልጣል? ምናልባት ሕመሙ የሚነሳው ከግራው ሆኖ ቀኙ ላይ የሚሰማው በኔ አለመማር ይሆናል። ሰውየው ያወቀው ነገር ቢኖር ነው። እንዲህ እያልኩ ዝም ብዬ ጤነኛውን ጉልበቴን አስይዤ ተቀመጥኩ። ወፍራም የጉልበት ማሰሪያ አምጥቶ ጤነኛው ላይ ጥብቅ አድርጎ ጠቀለለልኝ፤ በየቀኑ የሚሠራ ስፖርት በሥዕል የሰፈረበት ወረቀት ሰጠኝ፤ ሥዕሎቹ በሙሉ የግራ እግር ናቸው። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩት። በሩን ስዘጋ አሁንም ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ስገባ ዘምዘም አየችኝና የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠች።

«ያ አላህ! ሌላኛውም ታመመ?»

«አልታመመም። የታከምኩት እሱን ነው።»

«የሚያምህ ቀኙ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ አትነግረውም?»

«አራት ነጥብ ዘጠኝ ነው እኮ ዘምዘም!»

ጭልፋዋን አንስታ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እንግዲህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጤነኛ ጉልበቴን አስታመምኩ። ቀኙ አብጦ አይታጠፍም፤ ግራው ታስሮ አይታጠፍም፤ በሁለት እግር በአንድ ጊዜ ማነከስ ስለማይቻል እንደ ዳክዬ መሄድ ጀመርኩ። ኪስታ ማሽኔን ተከትዬ ስሄድ ሕፃናት እየጠቆሙ ይስቁብኛል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ ነው ቴንስታ ማዕከል፣ አትክልት መሸጫው በር ላይ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር የተገጣጠምነው። እሳቸው ግራ እግራቸው ተጠቅልሏል፤ የእኔም ግራ ተጠቅልሏል። ተያየን።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የኔ ልጅ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የሐኪሙን ስም ስጠራ ሽንኩርታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ያ ዓይኑን ከኮምፒውተር የማይነቅለው? አምና በጋ ጉኒላ እረፍት ስትወጣ ተክቷት የመጣው? ጫማዬን እንኳ ሳያስወልቀኝ ጣትሽ ሳይቆረጥ አይቀርም ያለኝ?» «በእመቤቴ ቀፍፎኝ ነው የወጣሁት። ኋላ ግን እንዳስተማርከን ልክ አስገባሁት። አምስት ሰጠሁት!»

«ምን ሰጡት?»

«አምስት! መጨረሻ! ስድስት ቢኖር ስድስት እሰጠው ነበር፤ አንተ እስከ አምስት ብቻ ነው አልከን እንጂ። በስሙ ክፉ መጻፉ ግን ነውር ስለሆነብኝ ‹እግዜር ይስጠው› ብዬ አስጻፍኩ። የሥራውን ይስጠው!»

ክው አልኩ። የማኅበሩ ስብሰባ፣ ጭብጨባው፣ የለጠፍኩት ወረቀት፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ደረጃ! ማርክ ወይም ነጥብ ማለት ሲገባኝ ደረጃ አልኩ። ደረጃ ደግሞ ለእኛ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ከስድሳ ተማሪ ስንተኛ ወጣህ ነው። ድረ ገጹ አዲስ ስለሆነ ደግሞ ከእኛ ማኅበር በቀር ስለነዚህ ሐኪሞች የጻፈ ሰው ኖሮ አይመስለኝም። «አንድ ጊዜ ሄጄ በቃኝ» የሚለው በአንድ ሕክምና የዳነ ሰው ሳይሆን ሁለተኛ የማይሞክረው ሰው ነው። «ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም» ያለውማ ምስኪን፣ የት ወድቆ ይሆን?

«እትዬ፣ ለጉኒላስ ምን ሰጡ?» አልኩ፣ መልሱን እየፈራሁ።

«ለጉኒላማ አንድ ነዋ! ምን ጥያቄ አለው? አንደኛ!» ጣታቸውን ቀሰሩ። ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ያደርጋል፣ ልትሄድብን ነው። ቮርድሴንትራሉ በር ላይ ለጥፈዋል። የመጨረሻ ቲዴ ለሐሙስ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በእጇ እያጠበች እዚህ ያደረሰችው እግር ነው። ለሌላ ሰው ብሰጠው ይቆረጣል።»

አትክልት ሻጩ ወንበር ሰጠኝ። እትዬ አስካለ የጉልበቴ ነገር መስሏቸው «አይዞህ» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያቸው ገባሁ። ጉኒላ ጎንበስ ብላ የእትዬ አስካለን እግር ፈታ አየች፣ በማስመሪያ ለካች፣ ቁስሉ ጠበብ ማለቱን ነግራን ፈገግ አለች። ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው ያለሁት፤ አልተናገርኩም፣ አልተንቀሳቀስኩም።

«ማሰሪያው ለምን ግራህ ላይ ሆነ? ስትገባ መርገጥ የሸሸኸው በቀኝህ ነበር» አለች።

አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። አፈርኩ። ማሰሪያውን ከግራው ፈታ ወደ ቀኙ አዛወረችው። አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም፤ የእሷ በሽተኛ መሆኔን መተዌን ግን መዝገቡ ላይ ማየቷ አይቀርም።

«ለምንድን ነው የምትሄጂው?» አልኳት። በስዊድንኛ አንቱታ የለም እንጂ በዚያች ሰዓት አንቱ ብላት በወደድኩ።

መሳቢያዋን ከፍታ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ከድረ ገጹ የታተመ የራሷ ገጽ ነው።

«አሥራ ሁለት ዓመት ነው እዚህ የሠራሁት» አለች። «የጻፋችሁልኝን ቃል ሳነብ ልቤ ይሞቃል። እጇ መድኃኒት ነው የሚል ሳይቀር አለ። ቁጥሩን ሳይ ግን ሁሉም አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው። ብዙ ቀን አሰብኩበት። እናንተ ጨዋ ሰዎች ናችሁ፤ ክፉ ቃል ከአፋችሁ አይወጣም። ስለዚህ ቃሉ ይሉኝታ ነው፣ እውነቱ ቁጥሩ ነው አልኩ። የማይፈልገኝን ሰው አስቸግሬ መቀመጥ አልፈልግም።»

ዳንቴሉን ገልጬ ያሰብኳት ያቺ ብልህ ሐሳቤ ናት፣ ቃል በቃል! እኔ ስኮራባት የሰነበትኩ ሐሳብ ይህችን ሴት ከቦታዋ ነቅላታለች።

«ምን አለች?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

አልተረጎምኩም።

«ምን አለች ነው የምልህ! እግሬ ይቆረጣል አለች?»

«የለም እትዬ። አንድ የሰጣችኋት ጠልታችኋት መስሏት ነው የምትሄደው።»

እትዬ አስካለ ያንን የቆሰለ እግር ባዶውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ብድግ አሉ። ጉኒላ «ኔይ፣ ኔይ! ተቀመጪ!» እያለች ትጮሃለች፤ ማን ይሰማታል። «አንድ!» አሉ አመልካች ጣታቸውን ጣሪያው ድረስ ቀስረው። «አንድ ማለት አንደኛ! ከሁሉ በላይ! ንገራት እንጂ አንተ፣ ምላስህን ምን በላው?»

ነገርኳት። እኛ አገር በክፍሉ ካለው ተማሪ ሁሉ የበለጠው አንድ እንደሚጻፍለት፣ አንድ የሚለው ቁጥር በካርዱ ላይ ሲታይ ጎረቤት ሳይቀር እልል እንደሚል፣ አምስትን ለመጨረሻው ያደረግነው እኔ በአንድ ቃል ተሳስቼ ስላሳሳትኳቸው እንደሆነ። ጉኒላ መነጽሯን አወለቀች።

«እኔ ስማር» አለች ቀስ ብላ፣ «አምስት ነበር ትልቁ። አንድ የሚያገኝ ልጅ ወላጁ ይጠራ ነበር።»

ተረጎምኩ። «እኛም ጋ ይጠራል፤ ለምርቃት!» አሉ እትዬ አስካለ።

ጉኒላ ሳቀች። ሳቋ አላቆም ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ወረቀቱን ዘርግታ አንዶቹን ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየነካች እንደገና አነበበቻቸው። ግን ዘግይተናል። ቮርቢ ጎርድ ባለ ሌላ ጤና ጣቢያ ፈርማለች፤ እዚህም ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቷል። «ሐኪም መምረጥ ግን ትችላላችሁ» አለች። «እሺ?»

«እሺ» አልን ሁለታችንም።

ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ጋሽ ይማም የለጠፍኩትን ወረቀት ነቅለው ይዘውታል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» አሉና በፊቴ ቀደዱት። እኔ አቀርቅሬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከዚያ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ዛሬውኑ ሁላችሁም ግቡና ለጉኒላ አምስት፣ ለዚያኛው አንድ ስጡ አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ያን ዕለት ከቀትር እስከ አመሻሽ በአንዱ የማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ተሰልፎ አስገባ፤ እኔ ወረፋ አስከብር ነበር። በማግስቱ ሁሉም ጠፍቷል። ድረ ገጹ ከአንድ ኮምፒውተር በአንድ ቀን የጎረፈውን አስተያየት እውነተኝነቱ አጠራጣሪ ስለሆነ ሰርዣለሁ የሚል ማስታወቂያ አስቀምጧል። የድሮዎቹ ባሉበት አሉ። አስቡት እንግዲህ፣ ስተን የጻፍነው እውነት ተብሎ ቀረ፤ እውነቱን ስንጽፍ ዋሾ ተባልን። ዶክተር አምስት ዛሬም አራት ነጥብ ዘጠኝ ነው፤ ሎሚ በውሃ እየጠጡ ወደ እሱ የሚገቡትን ሳስብ ያሳዝኑኛል።

እኛ ግን መረጥን። የቴንስታ አበሻ ሐኪም ሊታይ ሲል አሁን በሰማያዊው ባቡር መሀል ከተማ ይወርድና፣ በቀዩ ተሳፍሮ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ቮርቢ ጎርድ ይሄዳል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አዛውንቶቹን አጅቦ የማድረሱ ሥራ በማኅበሩ ውሳኔ ለእኔ ተሰጥቷል። ባቡር ስንቀይር አሳንሰሩ በሕፃናት ጋሪ ተሞልቶ ካገኘነው እትዬ አስካለ ሽቅብ የተደረደረውን መወጣጫ ያዩና «ይኸውልህ፣ የምትወደው ደረጃ» ይሉኛል። እኔም ጉልበቴን ይዤ የሁሉንም ኮሮጆ ተሸክሜ እወጣዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን የሄድን ጊዜ የመጠበቂያው ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ ዘጠኛችንም ከቴንስታ። ጉኒላ ድረ ገጹ ላይ አሁንም አንድ ነጥብ ሁለት ናት፤ ቁጥሯን የሚያዩ ስዊድኖች አይመጡባትም፤ ስለዚህ ወረፋው የእኛ ብቻ ነው። ውሃውን ቀምሼዋለሁ፤ ሎሚ የለውም።

በሩ ተከፈተ። ጉኒላ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ ብቅ አለችና ሁላችንንም አየችን። የመጀመሪያውን ሰው ልትጠራ ነው። አንድ የአማርኛ ቃል አጥንታ ኖሮ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ አፏን በደንብ ከፍታ፣

«አንደኛ!» አለች።

ማንም አልተነሳም። እትዬ አስካለ ከነተጠቀለለ እግራቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጣታቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ። ጋሽ ይማም ከዘራቸውን ወደ እሷ ቀሰሩ። ዘምዘም፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች፣ ሁሉም ጣታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ጉኒላ ዘረጉ። እሷ መጀመሪያ ወደ ኋላዋ ዞራ ሰው ፈለገች። ኋላዋ ማንም የለም። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

እኔ ደረጃ ሰጥቼ አላውቅም ብያችሁ አልነበር? ያን ቀን ኮሮጆውን አስቀምጬ እኔም ጣቴን ቀሰርኩ።